ብርዱ አይደለም የሚገድለው፦ ባለ ጢም አይሪስ የሚኒሶታን ዊንተር እንዴት ያልፋል?

ሚኒሶታ ውስጥ ቤት የሚሠራ ግንበኛ መሠረቱን በደቡቡ ክፍል ቢያንስ 107፣ በሰሜኑ ደግሞ 152 ሳንቲ ሜትር ያህል አውርዶ መጣል አለበት። የግንባታ ደንቡ ይህን የሚያስገድደው ቅዝቃዜው ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባና በረዶ የሆነ አፈር ቤት ስለሚያነሣ ነው። በ1996 ፌብሩዋሪ 2 ቀን በሰሜን ሚኒሶታ፣ ታወር በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳይቷል። እዚሁ መሬት ላይ፣ ያውም ከአፈሩ ፊት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ወፍራም ተክል ተጋድሞ ይከርማል። ጁን ሲገባ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ ወይም ቡናማ አበባውን ተሸክሞ ይቆማል።

እዚህ አገር ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን ይህን አበባ በጎረቤት ግቢ እያዩ «በዚህ ብርድ እንዴት አይሞትም?» ብለው ሲጠይቁ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ከምንጠብቀው ወዲያ ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚሞት አይሪስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከውኃ የተነሣ ነው። ውኃ በሚቋጥር አፈር ውስጥ ይከርማል፣ በጥልቀት ይቀበራል፣ ዘግይቶ ይተከላል፣ ወይም መሬቱ እየቀለጠና መልሶ በረዶ እየሆነ ሥሩን ይበጣጥሰዋል። ብርዱ ብቻውን ቢሆን ተክሉ የሚችለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ከአበባው ቅጠሎች ሦስቱ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሦስቱ ወደ ታች ይዘረጋሉ። ወደ ታች በተዘረጉት ላይ ጸጉራም መስመር አለ፤ ጢም የሚባለው እሱ ነው። ከአፈር የወጣውን ክፍል ያየ ሰው ወፍራም ዝንጅብል ይመስለዋል፣ አልተሳሳተምም። ዝንጅብልም ይሄኛውም ሥር ሳይሆኑ በአፈር ውስጥ የተጋደሙ ግንዶች ናቸው፤ ራይዞም ይባላሉ። እውነተኞቹ ሥሮች ከራይዞሙ ሆድ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቅጠሎቹ ደግሞ ከአንድ ጫፉ ይበቅላሉ። አንድ ራይዞም በዕድሜው የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። ካበበ በኋላ ከጎንና ከጎኑ ልጆች ያወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ከልጆቹ ይመጣል። ስለዚህ አንድ አይሪስ ስንል የምናወራው ስለ ቤተሰብ ነው፤ በሦስት በአራት ዓመት ቦታው ይጠበዋል፣ ተነቅሎ መከፋፈል ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። አንድ ቲማቲም ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩና በማግስቱ አውጥተው ይቅለጥ። ውኃውን ለቅቆ ላሽቆ ያገኙታል። እያንዳንዱ ሕዋስ በውኃ የተሞላ ነው፤ ውኃ ደግሞ በረዶ ሲሆን መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል። የበረዶው ስለታም ቅንጣቶች የሕዋሱን ስስ ሽፋን ይቀዱታል፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ሕዋሱ አበቃ። ቀጥለው ሁለት ኩባያ ውኃ ያዘጋጁ፣ በአንደኛው ብዙ ስኳር ይበጥብጡበትና ሁለቱንም ፍሪዘር ውስጥ ያስገቧቸው። ንጹሑ ውኃ ሙሉ በሙሉ ጠጥሮ ሳለ ስኳር ያለበት ገና በማንኪያ የሚፋቅ ሆኖ ያገኙታል። አይሪሱ ከቲማቲሙ ዕጣ የሚያመልጠው በሁለተኛው ኩባያ መንገድ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ተክሉ ማደጉን ያቆምና ለሌላ ሥራ ይነሣል። በራይዞሙ ካከማቸው ስታርች ከፊሉን ወደ ስኳር ይለውጣል። የሕዋሶቹ ሽፋን የተሠራበትንም ስብ በብርድ ቶሎ በማይጠጥር ዓይነት ይተካዋል። ኋላ ከባዱ ብርድ ሲመጣ በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ በዚያ ያለው ውኃ ከሕዋሱ ውስጥ ካለው ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ ቀድሞ ይጠጥራል። ይህ የውጭ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ይስባል፣ ሕዋሱም ይኮማተራል። በውስጡ የቀረው ፈሳሽ ግን ውኃው በቀነሰ ቁጥር ስኳሩ እየበረታ ስለሚሄድ በረዶ ሳይሆን ይቆያል። በጃንዋሪ አንድ ራይዞም ቆፍሮ ማውጣት ቢቻል በእጅ የማይበገር ጠጣር ሆኖ ይገኛል፤ የሕዋሶቹ ውስጥ ግን ደኅና ነው።

ይህ ዝግጅት ሳምንታት ይፈጃል። ለዚህ ነው በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ላይ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መስጠት ጉዳት የሚሆነው፤ ተክሉ ማረፍ ሲገባው ለስላሳ ቅጠል ማውጣት ይቀጥላል፣ ብርዱም ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። ሣር ላይ የሚበተነውን ማዳበሪያ ከአይሪሱ መደብ ያርቁ። ብዙዎቹ ባለ ጢም አይሪሶች በደንብ ለማበብ ለሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ እንደሚፈልጉም ይታወቅ። ደቡብ ፍሎሪዳ ላይ የማይሳካላቸው፣ ሚኒሶታ ላይ የሚሳካላቸው ለዚህ ነው።

እርጥበት ይህን ሁሉ የሚያበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ውኃ የሞላበት አፈር አየር የለውም፤ ሥሩ ይታፈናል። በውኃ የጠገበ ራይዞም በሕዋሶቹ መካከል ብዙ ውኃ ስላለው ብዙ በረዶ ይሠራበታል፣ ጉዳቱም ይበዛል። ትልቁ ግን የሚመጣው በረዶው ሲቀልጥ ነው። በብርዱ የቆሰለ ቦታ ካለ፣ አፈሩም ጭቃ ከሆነ፣ ፔክቶባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ በቁስሉ ይገባል። ይህ ባክቴሪያ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዘውን ፔክቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም ያመነጫል። ጠንካራው ራይዞም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጨብጡት የሚፈስ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ልቅላቂ ይሆናል። ባለቤቱ በሜይ ወጥቶ ይህን ሲያይ «ብርድ ገደለው» ይላል። የገደለው ግን በጭቃ ውስጥ መክረሙ ነው።

አይሪሱን የሚረዳው ራሱ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ መሆኑን ብዙ ሰው አያምንም። አዲስ የወረደ በረዶ ከዘጠና በመቶ በላይ አየር ነው፣ የተያዘ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ከተከመረ ውጭ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከሥር ያለው የአፈር ፊት ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ሊቆይ ይችላል። መንገድ ሲጠርጉ ጨው ያልነካውን ንጹሕ በረዶ አይሪሱ መደብ ላይ መከመር ጥሩ ሥራ ነው። ጨው የነካውን ግን በፍጹም።

አስቸጋሪው ብርዱ የሚዋዥቅበት ቦታ ነው። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ከካልጋሪ እጅግ ይበርዳል፤ ለአይሪስ ግን ካልጋሪ የባሰ ሊፈትን ይችላል። ምክንያቱ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ የሚመጣው ቺኑክ የሚባል ደረቅና ሞቃት ነፋስ ነው። በብርዱ ወራት መካከል በረዶውን በሰዓታት ውስጥ ይጠርግና ይሄዳል፣ ብርዱም ወዲያው ይመለሳል። በ1943 ጃንዋሪ 22 ቀን በሳውዝ ዳኮታ ስፒርፊሽ ከተማ እንዲህ ያለው ነፋስ ሙቀቱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ወደ ከዜሮ በላይ 7 ዲግሪ ገደማ አድርሶታል። አፈር ሲቀልጥና መልሶ በረዶ ሲሆን ከሥር ውኃ እየሳበ በውስጡ የበረዶ ንብርብር ይሠራል፤ ንብርብሩ እየወፈረ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋል። በቅርቡ የተተከለና ሥሩ ያልያዘ ራይዞም ከአፈሩ ጋር ይነሣል፣ ሥሩ ይበጠሳል፣ በመጨረሻም ከአፈሩ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። የቤት መሠረቱን ጥልቀት ያስገደደውም ይኸው ጉልበት ነው።

ጉዝጓዝ የሚደረገው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ተክሉን ለማሞቅ ብሎ በኦክቶበር ያለብሰዋል፤ በሞቀ እርጥብ አፈር ላይ የተደረበ ጉዝጓዝ መበስበስን ብቻ ይጋብዛል። ጉዝጓዝ የሚገባው መሬቱ በረዶ ከሆነ በኋላ ነው፣ ዓላማውም በረዶ እንደሆነ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ከገና በኋላ የሚጣለው የገና ዛፍ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢጋደምበት፣ ወይም ሳሳ ያለ ጭድ ቢበተንበት አየር ያሳልፋል። ከዛፍ የረገፈ ቅጠል ግን ሲረጥብ ተጣብቆ ውኃ ስለሚይዝ አይሆንም። አፈሩ መቅለጥ ሲጀምር ጉዝጓዙ በጊዜ ይነሣ። ሥሩን የያዘ የቆየ አይሪስ ጥሩ በረዶ በሚጥልበት ቦታ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ሁሉም ባለ ጢም አይሪስ ግን እኩል ብርድ አይችልም፤ ልዩነቱ የትውልድ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ቤቱ ፈርሶ መሬቱ ብቻ በቀረበት የጥንት የእርሻ ይዞታ ላይ ዛሬም የሚያብቡ አይሪሶች አሉ። እነሱ አያቶቻቸው ከዳልማቲያ ተራሮችና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጡ ናቸው። በ1840 እና በ1844 ፈረንሳይ ውስጥ ሌሞን የተባለ አትክልተኛ ያወጣቸው «ኦኖራቢል» እና «ማዳም ሼሮ» እስካሁን በእጅ ላይ ያሉት በዚህ ጽናታቸው ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን ሊያበቃ ሲል የካምብሪጅ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ማይክል ፎስተር ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች ትላልቅ አበባ ያላቸውን አይሪሶች አስመጡ። የቀድሞዎቹ 24 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እነዚህ 48 ነበራቸው። የዛሬዎቹ ረጃጅምና ትልልቅ አበባ ያላቸው አይሪሶች ከሞላ ጎደል የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ነገር ግን ከአዲሶቹ አያቶች አንዳንዶቹ የብርዱ ወራት ለስላሳና ዝናባማ ከሆነበት አገር የመጡ በመሆናቸው በትንሽ ሙቀት ነቅተው ማደግ ይጀምራሉ። ለካሊፎርኒያ ጥሩ ነው፤ ለሚኒሶታ ማርች ግን አደገኛ ነው። ከእኛም ቀይ ባሕር ማዶ ባለችው የመን ነጭ ባለ ጢም አይሪስ አለ፤ በሙስሊሞች መቃብር ላይ እየተተከለ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ተዳርሷል። እሱም ለዚህ ብርድ አይሆንም።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። አይሪስ ፑሚላ የሚባለው አጭር ዝርያ የዩክሬንና የሩሲያ ሜዳዎች ተክል ነው፤ ነፋሱንም ብርዱንም የለመደ። የኢንዲያናው ፖል ኩክ እና የቴነሲው ጌዲስ ዳግላስ እሱን ከረጃጅሞቹ ጋር አዳቀሉት። ፑሚላ 32 ክሮሞሶም አለው፣ ግማሹን 16 ይሰጣል፤ ረጅሙ ካለው 48 ግማሹን 24 ይሰጣል፤ ልጁ 40 ይኖረዋል። በ1951 «ግሪን ስፖት»ን የመሳሰሉት የኩክ የመጀመሪያ ልጆች ለሕዝብ ቀረቡ። ቁመታቸው ከ20 እስከ 41 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሜይ ላይ ከረጃጅሞቹ ቀድመው ያብባሉ፣ በነፋስ አይጋደሙም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው እነዚህን ነው። በዓመት ሁለቴ ያብባሉ እየተባለ በውድ የሚሸጡትን አልመክርም፤ በሰሜኑ አገር ሁለተኛው እምቡጥ ሳይፈነዳ ውርጭ ይቀድመዋል። በ1982 የተመዘገበውን «ኢሞርታሊቲ» የተባለውን ነጭ አበባ ከወደዱት ግን ስለ ጁኑ አበባው ብለው ይግዙት፤ ብርድ ይችላል።

በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የሽራይነር ቤተሰብ የአይሪስ እርሻ ሥራውን የጀመረው በ1925 እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ ነበር። በ1947 ለእርሻው የሚመቸውን ለስላሳ አየር ፈልገው ወደ ኦሬገን ተዛወሩ። ብርዱ አይሪሱን ይገድላል ብዬ ይህን አላነሣሁም፤ ለሽያጭ በብዛት ማምረትና በጓሮ ማሳደግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ብዙ የሚሸጥ ራይዞም ዛሬም ከኦሬገን በፖስታ የሚመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚደርስበትን ጊዜ መምረጥ የእርስዎ ድርሻ ነው።

በመንትዮቹ ከተሞች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ የመትከያው ጊዜ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው፤ ወደ ዱሉዝና ከዚያ በላይ ላሉ በኦገስት አጋማሽ ቢያልቅ ይሻላል። አይሪስ ካበበ በኋላ በሙቀቱ ወራት ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ አዲስ ሥር መስደድ ይጀምራል። መሬቱ ከመጠጠሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ካገኘ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። በሴፕቴምበር መጨረሻ በርካሽ የሚሸጥ ራይዞም ገዝቶ መትከል ገንዘብ መጣል ነው።

ቦታው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ የማይደርስበት ይሁን። አፈሩ ጭቃማ ከሆነ አሸዋ መቀላቀል አይበቃም፤ ጥቂት አሸዋ በሸክላ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ያጠጥረዋል። ኮምፖስት ቀላቅለው መደቡን 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ውኃው ራሱ መንገዱን ያገኛል። በጉድጓዱ መሃል ትንሽ የአፈር ጉብታ ይሥሩ፣ ራይዞሙን ጉብታው ላይ አጋድመው ሥሮቹን በግራና በቀኝ ወደ ታች ይዘርጓቸው፣ አፈር መልሰው በእጅ ጫን ጫን ያድርጉ። በሞቃት አገር የራይዞሙ ጀርባ ፀሐይ እንዲመታው ገላጣ ይተዋል፤ እዚህ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር አፈር ይልበስ። ከዚያ አይብለጥ። በጥልቀት የተቀበረ አይሪስ ቅጠል ብቻ እያወጣ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ቅጠሉን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩት፣ ምክንያቱም ሥር ሳይኖረው ረጅም ቅጠል ውኃ ያስወጣዋል፣ በነፋስም ይወዛወዛል። በሁለት ተክል መካከል ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ሲተክሉ በደንብ ያጠጡ፣ ሥር እስኪይዝ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ይድገሙ፣ ከዚያ በኋላ ውኃውን ይርሱት። በሚቀጥለው ጁን ባያብብ አይደንግጡ፤ ብዙዎቹ አንድ ዓመት ይዘልላሉ።

አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር፣ በረንዳ ላይ በገንቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሮ የተተከለ አይሪስ ይህን ብርድ አያልፍም፤ ቅዝቃዜው ከአምስቱም ጎን ይገባበታል። ማሰሮውን ከነተክሉ መሬት ውስጥ የሚቀብሩበት የጋራ የአትክልት ቦታ ቢፈልጉ ይሻላል።

የብርዱን ወራት አልፎ የሚጠብቀው ጠላት አንድ የእሳት ራት ነው። በመኸሩ ወራት በደረቀ የአይሪስ ቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እንቁላሉ ብርዱን ችሎ ይከርማል። አፕሪል ወይም ሜይ ላይ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ቅጠሉን እየበላ ወደ ታች ይወርድና ራይዞሙን ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። በከፈተው ቀዳዳም ያ አበስባሽ ባክቴሪያ ይከተላል። መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከባድ ውርጭ ቅጠሉን ከገደለው በኋላ ደረቁን ሁሉ ሰብስቦ ከግቢ ማውጣት። ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ግን አይቁረጡት፤ የሚቀጥለውን ዓመት ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

በረዶው ሲቀልጥ ራይዞሞቹን በጣት ጫን እያሉ ይፈትሿቸው። ላይ የወጣ ካለ በኃይል መልሰው አይጫኑት፣ ሥሩ ይሰበራል፤ አፈር አምጥተው ዙሪያውን ያልብሱት። የለሰለሰ ካገኙ የበሰበሰውን ጠንካራው ሥጋ እስኪደርሱ በማንኪያ ፍቀው ያውጡና ቁስሉ በፀሐይ እንዲደርቅ ክፍት ይተዉት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ማንኪያውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበጠበጠ ይንከሩት።

አዲስ አበባ ወስደው መትከል የሚያስቡ ያጋጥሙኛል። ያስቡበት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚወርደው አይሪስ ድርቅ ብሎ ማረፍ በሚፈልግበት ወቅት ነው፣ ብዙዎቹ የሚሹት ረጅም ቅዝቃዜም እዚያ የለም። ሕያው ተክል ያለ ጤና የምስክር ወረቀት ድንበር ማሻገርም አይፈቀድም።

እዚሁ መትከል ከፈለጉ ትእዛዝዎን በጁን ይላኩ፣ የሚላክልዎም በጁላይ መጨረሻ እንዲሆን ያሳውቁ። ከዚያ በፊት ግን አይሪስ ያለበትን የጎረቤት ግቢ አንኳኩተው ይጠይቁ። በየሦስት በአራት ዓመቱ መከፋፈል ስላለበት አብዛኛው ባለቤት የሚሰጠው ሰው እየፈለገ ነው፤ የሚሰጥዎም ተክል የዚህን መሬት ብርድ አስቀድሞ ያለፈ ነው።